ካርዱ እስኪመጣ አትጠብቁ

ልጅ በትምህርቱ መቸገሩን ወላጅ በምን ያውቃል የሚለው ጽሑፍ ጥሩ ነው፣ ግን «ውጤቱ ሲቀንስ ልጁ እንደተቸገረ እወቁ» የሚለው ላይ አልስማማም። ውጤት እስኪቀንስ እኮ ነገሩ ረፍዷል። አራት ኪሎ አካባቢ የታችኛ ክፍል ልጆች አስጠናለሁ፣ ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ስንተኛ ይወጣል?» ብሎ ነው። ደረጃ ምንም አይነግራችሁም፣ በተለይ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ። አንዳንዱ ልጅ የአማርኛ መጽሐፉን ሙሉ ገጽ ሸምድዶ ይወጣዋል፤ ጣቱን በመስመሩ ላይ እያስኬደ ነው፣ ድምፁም አይደናቀፍም። መሀል ላይ አንድ ቃል ነጥዬ «ይሄ ምን ይላል?» ስለው ግን ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስቶ እያዜመ እስኪደርስበት ይሄዳል። ፊደሉን አልያዘውም ማለት ነው፣ «ቡ»ን ከ«ቢ» አይለይም። ፒያሳ ስትወጡ የሱቅ ታፔላ አስነብቡት፣ እሱን አልሸመደደውም።

ሌላው ዓይን ነው። ሰሌዳውን ትቶ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ይቆነጠጣል፣ ምናልባት አይታየውም እኮ! ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፣ ውሰዱት። ጆሮውንም እንዲሁ አስመርምሩት።

ሰኞ ጠዋት «ሆዴን አመመኝ» የሚል፣ ቅዳሜ ግን ሲቦርቅ የሚውል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ቀበቶ ከመፍታታችሁ በፊት አስተማሪዋን አናግሯት። የወላጆች ቀን እስኪደርስ ብላችሁ አትቀመጡ፣ የዛን ቀን ሰልፉ ለጉድ ነው፣ ሁለት ደቂቃም አታገኟትም።