ክኒኑን መተዌን ከሐኪሜ ደብቄ ነበር

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ፣ እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐኪሜን ለሦስት ሳምንት ዋሽቻታለሁ። የግፊት ክኒኑን "እየወሰድኩ ነው" እላታለሁ። አልወስድም ነበር።

በ26ኛው ሳምንት ክትትል ላይ ግፊቴ 150 በ100 ሆነ። ሽንቴ ላይም ፕሮቲን ተገኘ። ዶክተሯ ፕሪኤክላምፕሲያ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ የደም ግፊት በሽታ ነው አለችኝና ሜቲልዶፓ የሚባለውን የግፊት ክኒን አዘዘችልኝ። ቤት ስመለስ ጎረቤቶች ለቡና ተሰብስበው ነበር። አንዷ ክኒኑን አገላብጣ አየችውና "ይሄ ሁሉ መድኃኒት ለልጁ አይከብደውም?" አለች። ክፋት የለባትም፣ አዝናልኝ ነው። እኔ ግን ፈራሁ። ክኒኑ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኝ ስለነበር ደግሞ ለመተው ሰበብ አላጣሁም።

ለሐኪሜ ለምን አልነገርኳትም? በመጀመሪያው እርግዝናዬ፣ ሌላ ቦታ፣ ጥያቄ ስጠይቅ "ሐኪሟ አንቺ ነሽ እኔ?" ያለችኝ ባለሙያ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ፊት ስቀመጥ ራሴን መነቅነቅ ብቻ ነው የለመድኩት። "ሐኪምሽን እመኚ" ብሎ መምከር ቀላል ነው። ራሷን የምትነቀንቅ እናት ያመነች ትመስላለች፣ ግን ብዙዎቻችን የፈራን ነን፤ የፈራ ሰው ደግሞ ይደብቃል፣ ሐኪሙም ባልተነገረው ነገር ላይ ተመስርቶ ይወስናል።

በ29ኛው ሳምንት ራስ ምታቱ አልለቅ አለኝ። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ከጎድን አጥንቴ ሥር የሚያመኝን ጨጓራ ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ ይሄ ዝምታ ልጄንም እኔንም ሊያሳጣ ይችል ነበር። እንዲህ የሚሰማሽ ነፍሰ ጡር ካለሽ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። እኔ ከአቶቴ ሰፈር በባጃጅ ሆስፒታል ስደርስ ግፊቴ 170 በ115 ነበር።

ያኔ ለሐኪሜ እውነቱን ነገርኳት። አልጮኸችብኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና "ምኑን ነው የፈራሽው?" አለችኝ። መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡሮች ለብዙ አስርት ዓመታት ሲሰጥ የኖረ መሆኑን፣ ልጁን የሚጎዳው በእንግዴ ልጁ በኩል የሚያልፈውን ደም የሚቀንሰው በሽታው ራሱ መሆኑን አስረዳችኝ። ክኒኑ ግፊቱን ይይዛል እንጂ በሽታውን አያጠፋም፤ የሚያጠፋው መውለድ ነው አለች።

እንዳያንቀጠቅጠኝ ማግኒዚየም ሰልፌት ተሰጠኝ። ሰውነቴ በሙሉ ጋለ። ሲስተሯ እየመጣች ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ ታደርጋለች፣ ትንፋሼን ትቆጥራለች፣ ሽንቴን ትለካለች። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። መድኃኒቱ ከበዛ መጀመሪያ የጉልበቱ ምላሽ ይጠፋል፣ ትንፋሽ የሚደክመው ከዚያ በኋላ ነው፤ ማርከሻው ደግሞ እዚሁ አጠገባችን አለ አለችኝ። አስፈሪ ነገር ነው የነገረችኝ። ግን በዚያ ሌሊት እንቅልፍ የወሰደኝ ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው።

አጠገቤ ከቤንሳ የመጣች እናት ተኝታለች። የምትናገረው ሲዳሙ አፎ ብቻ ነው። ቀን ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ታስተረጉምላት ነበር። ማታ ሠራተኛዋ ስትወጣ ግን ሴትዮዋ መርፌውን እምቢ አለች። "አስቸጋሪ ናት" ሲሉ ሰማሁ። አስቸጋሪ አልነበረችም፣ ምን እየተወጋች እንደሆነ በሚገባት ቋንቋ የነገራት ሰው አልነበረም። በሲዳማ ምድር ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ሌሊትም አስተርጓሚ መመደብ ከሆስፒታል አቅም በላይ ነው ብዬ አላምንም። እንዲያምኑን የምንፈልግ ከሆነ ከዚህ መጀመር አለብን።

የልጄ ሳንባ እንዲጠነክር መርፌ ተሰጠኝ። በ31ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ተገላገልኩ። ማሞቂያ ክፍል ቆየች፣ ከዚያ ደረቴ ላይ ታቅፌ አሞቅኳት። አሁን ሁለት ዓመቷ ነው።

ባለፈው ወር ስለ ሦስተኛ ልጅ ልጠይቅ እዚያችው ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ያለፈው ታሪክሽ ስላለ ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ በዝቅተኛ መጠን አስፒሪን ትወስጃለሽ አለችኝ። ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ሄጄ ነበር፣ አንድ በአንድ አነበብኩላት። አንዱ ላይ ስደርስ "ይሄን እርግጠኛ አይደለሁም፣ አይቼ እነግርሻለሁ" አለች። በሁለተኛው ቀን ደወለችልኝ።