የምርጫ ክልላችን ታሪክ ያሸናፊ ስም ብቻ ነው እንዴ?

«የኛ ምርጫ ክልል ታሪክ የለውም» ያለው ነጋዴው ነው፣ ክርክሩም የተነሳው ከዚችው ነው። ደሴ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ነን፣ ከሰሜን ወሎም ከደቡብም የመጣ ሰው አለ፣ ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነስቶ ስለ ምርጫ ሆነና እሱ ባንዴ ዘጋው። ከጃንሆይ ጀምሮ ያው ነው ይላል፣ ሰው ከላይ ይላክልናል፣ እኛ ጣታችንን ቀለም እንነከራለን፣ ሰውየው አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዛ ወላሂ አይኑንም አናየው፣ ይሄ ምኑ ነው ታሪክ የሚባለው?

ጡረታ የወጡ አስተማሪ አጠገቡ ነበሩ። «ተው ልጄ፣ የማታውቀውን አትናገር፣ እኔ በጃንሆይም መርጫለሁ» አሉት። ከዛ ማስረዳት ጀመሩ፣ መምህር አይደሉ። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት እንደራሴውን የሚመርጡት መኳንንቱና ሹማምንቱ ነበሩ፣ ሕዝቡ በቀጥታ የመረጠው ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት በኋላ ነው፣ የመጀመሪያው በ1950 ከዛ በየአራት አመቱ። አንድ ምርጫ ክልል 200 ሺህ ሰው ይይዛል ተብሎ ሁለት ሁለት ሰው ወደ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት፣ ማለት ሕዝብ ወደሚመርጠው የፓርላማው ክፍል ይልካል። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም፣ ሰው ለራሱ በስሙ ነው የሚወዳደር።

«ጭሰኛውስ ይወዳደር ነበር ጋሼ?» አለች አንዲት ልጅ።

«አይ እሱማ፣ በምርጫ ክልሉ ንብረት ያለው ነው ሕጉ የሚፈቅድለት፣ ጭሰኛ ከየት አምጥቶ» አሉ፣ አልደበቁም። እኔን ያሳመመኝ ግን ቀጥለው ያሉት ነው። የመጨረሻው የጃንሆይ ምርጫ ሰኔ 1965 ላይ ነው፣ ያ ማለት የወሎ ረሀብ የጠናበት ክረምት። የየጁና የራያ ሰው ከብቱ አልቆበት ወደ አስፋልቱ ወርዷል፣ ምግብ ፍለጋ መንገድ ዳር ይወድቃል፣ እሳቸው ደግሞ በዛው ሰሞን ተሰልፈው ድምፅ ሰጡ። ፓርላማው አመት ከምናምን ቆየ፣ መስከረም 1967 ንጉሡ ሲወርዱ እሱም ተዘጋ።

ነጋዴው «እኮ! እኔስ ምን አልኩ ጋሼ፣ ሰው መንገድ ዳር እየወደቀ ተመረጠ የተባለ ፓርላማ ለወሎ ምን ፈየደ? እርስዎ ራስዎ መሰከሩልኝ» አለ።

አስተማሪው ትንሽ ዝም አሉና «የመረጥኩትን ሰው ግን ቤቱን አውቀው ነበር፣ በሩን አንኳኩቼ ይሄን ረሀብ ለምን ዝም አላችሁ ብየዋለሁ፣ ያንተን የአሁኑን ስሙን ንገረኝ እስቲ» አሉት። ነጋዴው አልመለሰም። እኔም ብጠየቅ ኖሮ ትንሽ ማሰብ ነበረብኝ፣ ድንኳኑ ውስጥም ባፉ የመጣለት ሰው ያለ አይመስለኝም።

የደርግን ማንም ብዙ አላወራበትም፣ በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ፣ ለዛን ጊዜው ፓርላማ፣ 835 ሰው ተመረጠ፣ እጩ የሚያቀርቡት ፓርቲው፣ የብዙሃን ማህበራቱና የጦር ክፍሎቹ ነበሩ። ከዛ የ1986ቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ፣ የ1987ቱ፣ የ1992ቱ፣ እነዚህንም በሁለት ቃል አለፏቸው። 1997 ላይ ሲደረስ ግን ድንኳኑ ሞቀ።

ከላስታ የመጣ ሰው ነው የቡግናን ያነሳው። ለማያስታውስ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ቡግና ላይ የዛን ጊዜው የማስታወቂያ ሚኒስትር አቶ በረከት ስምዖን ተወዳድረው ተሸነፉ። ሚኒስትር በገጠር ወሎ ተሸነፈ ሲባል አገር ነው ያወራው። ከዛ አቤቱታ ቀረበ፣ ምርጫ ቦርድ ድጋሚ ይደረግ ካላቸው 31 ምርጫ ክልሎች ቡግና አንዱ ሆነ፣ ነሐሴ 15 ቀን እንደገና ተመረጠና እሳቸው አሸነፉ።

ነጋዴው «በቃ ይሄው፣ ሲያሸንፉህ ትደግመዋለህ» አለ። አንድ ሌላ፣ ቀበሌ ውስጥ ሰርቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ «እንደሱ አይባልም፣ አቤቱታ ማቅረብ መብት ነው፣ ተቃዋሚዎቹም ከኢህአዴግ በላይ አቤት ብለው ነበር፣ ችግር ካለ መድገም ሕጋዊ ነው» ብሎ ተከራከረ። እሱ ያለው ሀሰት አይደለም። የላስታው ሰው የመለሰለት ግን እስካሁን በጆሮየ አለ፣ «ወንድሜ መደገሙን አልጠላሁም፣ ግንቦት ላይ ሰው በሬዲዮ ክርክር እየሰማ፣ የኢህአዴግ ንብ ወይስ የቅንጅት ሁለት ጣት እየተባባለ እየተከራከረ ነው የወጣው፣ ነሐሴ ላይ ግን አዲስ አበባ ሰኔ 1 ሰው ተገድሎ፣ ሁሉም ጎረቤቱን እየፈራ ነው የወጣ፣ ሰዉ ያው ነው፣ ኮሮጆው ያው ነው፣ ልቡ ግን ያው ነው ወይ?» አለው። ያ የቀበሌ ሰው ራሱን ነቀነቀ እንጂ አልመለሰለትም።

ከዛ ነጋዴው ወደ 2002 ዘለለ። ኢህአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወሰዱ፣ በ2007 ደግሞ ሁሉንም፣ «እንግዲህ ሁሉም ሰው አንድ ሀሳብ ከሆነ የኛ ምርጫ ክልል ታሪክ አንድ መስመር ነው» አለ። እዚህ ላይ ነው ልጅቷ የተቆጣችው። እሷ በ2013ቱ ምርጫ ሰሜን ወሎ ውስጥ አንድ ጣቢያ ላይ አስፈፃሚ ነበረች።

«ሁሉም ሰው አይደለም፣ ሁሉም ወንበር ነው» አለችው። የኛ ሕግ አብላጫ ድምፅ ያገኘ ያልፋል ነው የሚለው፣ አንዱ 40 ሌላው 35 ሦስተኛው 25 ከመቶ ቢያገኝ ባለ 40ው ይገባል፣ 60ው ሰው ፓርላማ ውስጥ የለም ማለት ነው፣ ይሄ በየምርጫ ክልሉ ሲደጋገም አገሩ በሙሉ ባንድ ድምፅ የተናገረ ይመስላል። «አንተ የምታየው አዲስ አበባ የገባውን ሰው ነው፣ እኔ የማየው በሩ ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ነው» አለች።

ስለ ወረቀቱ ነገረችን። ሰኔ 14 ነው፣ ዝናብ፣ ድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ተራዝሞ፣ መብራት የለ፣ በሞባይል ባትሪ ነው ሌሊቱን የቆጠሩት፣ ታዛቢዎቹ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አንድ በአንድ ያያሉ። ሲያልቅ ውጤቱ ተሞልቶ ተፈረመበትና አንዱ ቅጂ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፣ ማን ስንት አገኘ፣ ተሸናፊውም ጭምር፣ የተበላሸው ወረቀትም ጭምር። ዝናብ እንዳያጠፋው ላስቲክ አለበሰችው። ጠዋት አንድ ሽማግሌ መጥተው ማንበብ ስለማይችሉ አንብቢልኝ አሏት፣ የመረጡት ሰው እዛ ጣቢያ ሁለተኛ ነው የወጣው፣ «ለካ ብቻየን አይደለሁም» ብለው ሄዱ አለች።

ነሐሴ ላይ የሰሜኑ ጦርነት እዛ ደረሰ። እሷም ተፈናቅላ ደሴ መጣች፣ ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ምንጣፍ ላይ ነበር የምትተኛ። መስከረም 24 ቀን 2014 አዲሱ ፓርላማ ቃለ መሃላ ሲፈፅም በስልክ ያየችው እዛው ሆና ነው። የመረጡት ሰዎች ተበትነው የተመረጠው ቃል ሲገባ፣ በዛች ሰዓት ምርጫ ክልሉ የት እንዳለ አስቡት፣ ጥቅምት ላይ ደግሞ ደሴም አልቀረላት። ያ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ስትመለስ የለም፣ በሩም የለም።

ነጋዴው እዚህ ጋ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ይሄንን አላሰብኩትም» አለ፣ ክርክሩም ወደ ሌላ ሄደ።

እኔ ስፈርድ፣ ነጋዴው ትክክል አይደለም። አይመጡም ያለው እውነት ነው፣ ተናዶም ነው የተናገረው፣ ግን ታሪክ የለንም ካልን ያ ሁሉ የተሰለፈ ሰው አልነበረም ማለታችን ነው፣ ላስታ ላይ ግንቦት 7 የወጣው ገበሬ አልነበረም፣ እኒያ ሽማግሌም አልነበሩም። ለኔ የነሐሴው የቡግና ውጤት የግንቦቱን ያክል አይመዝንም፣ ሕጋዊ ነው ቢባልም ፈርቶ የወጣ ሰው ድምፅ ሳይፈራ ከወጣው እኩል ነው ብየ አልቀበልም።

አስተማሪውን አከብራለሁ፣ የጃንሆዩን ዘመን ግን አልናፍቅም፣ ንብረት የሌለው የማይወዳደርበት ምርጫ ያን ረሀብ ሊያወራለት የሚችለውን ሰው ከመጀመሪያው በር ላይ ነው የመለሰው። አንድ ነገራቸውን ግን እወስዳለሁ፣ እንደራሴውን በስምና በቤት ማወቅ። ድሮም ለ100 ሺህ ሰው አንድ ተወካይ ነበር የታሰበው፣ የ1987ቱም ሕግ ያንኑ ነው ያለው፣ አሁን ከ100 ሚሊዮን በላይ ሆነን ወንበሩ ያው 547 ነው፣ አንዱ ወደ 200 ሺህ ሰው ደርሶታል፣ ስሙን ሳናውቅ ሌላ አምስት አመት ማለፍ የለብንም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ ሕዝብ አመኔታ ያጣበትን አባል ማንሳት ይችላል ይላል፣ ስሙን የማታውቀውን ሰው እንዴት ታነሳዋለህ?

በሀሳብ የምጠጋው ለልጅቷ ነው። የምርጫ ክልል ታሪክ ማለት በየጣቢያው በር ላይ የሚለጠፈው ሙሉ ወረቀት ነው እንጂ ያሸነፈው ስም ብቻ አይደለም፣ ሁለተኛ የወጣውንም ሦስተኛ የወጣውንም ይዞ። ስለዚ በመጪው ምርጫ ወሎ ያላችሁ፣ ሲለጠፍ ዝናቡ ሳይቀድማችሁ ፎቶ አንሱት፣ የጣቢያውን ስምና ቀኑን ፃፉበት፣ የቀድሞ ምርጫ ወረቀት ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያለም ካላችሁ አታጥፉት፣ አስተማሪውና ልጅቷ አንድ ላይ ሆነው መሰብሰብ ጀምረዋል፣ እኔም የአካባቢየን እያፈላለግሁ ነው።