«ምን ጎድሎበት ነው?» ማለቱን እንተው

አንድ ሰው ራሱን አጠፋ ሲባል ይህቺ ጥያቄ ትከተላለች። «ምን ጎድሎበት ነው?» ሥራ ነበረው። ልጆች ነበሩት። ትናንት ከሰው ጋር ሲስቅ ውሏል። ከዚያ ግምቱ ይመጣል። ዕዳ ነበረበት፣ ፍቅረኛው ትታው ነበር፣ ከአለቃው ጋር ተጣልቶ ነበር። አንዷን እናነሳና ነገሩን እንዘጋለን።

ይህቺ ጥያቄ ታሳዝነኛለች። ጠያቂው ክፉ ሆኖ አይደለም። ጥያቄዋ አንድ መልስ ብቻ ስለምትፈልግ ነው። ነገሩ ደግሞ አንድ መልስ ኖሮት አያውቅም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ያጠፋሉ። ዕዳ ያለባቸው፣ ፍቅረኛ የተለያቸው፣ ከሥራ የተባረሩ ሰዎች ግን ከዚህ እጅግ ይበዛሉ። አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። ስለዚህ ዕዳው ብቻውን አልገደለም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ለመልካም ነው። እዚህ ግን ድሩ ለክፉ ያብራል።

አንዱ ክር ከሰውነት ይመጣል። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተጋላጭነቱ በከፊል በዘር እንደሚተላለፍ ያሳያሉ። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው። ፍርድ አይደለም። በ1976 ስዊድናዊቷ ሐኪም ማሪ ኦስበርግና ባልደረቦቿ በድባቴ የታመሙ ሰዎችን መርምረው ነበር። ሴሮቶኒን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል የሚተወው ቅሪት ያነሰባቸው ሕሙማን ራሳቸውን ለማጥፋት የመሞከር ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ አገኙት። የማይለቅ የአካል ሕመምም አለ። አልኮልም አለ፤ ሐዘኑን ያባብሳል፣ ማመዛዘንን ይቀማል። እንቅልፍ ማጣትን ደግሞ ሰው ሁሉ ይንቀዋል። ለሳምንታት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኑ ፈጦ ጣሪያ የሚያይ ሰው ቀን ቀን እንደሚያስበው አያስብም።

ሁለተኛው ክር ሐሳብ ውስጥ ነው። አማርኛችን «ተስፋ ቆረጠ» ይላል። ተስፋ እንደ ገመድ ይቆረጣል ማለት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ አሮን ቤክ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ይዟቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። በ1985 ባወጣው ጥናት፣ ኋላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉትን ከሌሎቹ ይበልጥ የለየው ተስፋ መቁረጡ ነው፤ የድባቴው ክብደት አይደለም። እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። «ሸክም ሆኜባቸዋለሁ፣ እኔ ባልኖር ይሻላቸዋል» የሚለው ሐሳብ። ውሸት ነው። የሚያስበው ሰው ግን ከልቡ ያምነዋል፤ ለቤተሰቡ ውለታ የሚውል ይመስለዋል።

ሦስተኛው ክር እኛው ነን። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርኬም በ1897 የሰው ከሰው ትስስር ሲላላ ራስን ማጥፋት እንደሚበዛ ጽፏል። ብቸኝነት፣ በልጅነት የደረሰ ጥቃት፣ መገለል፣ ድንገት ከኑሮ መውረድ፣ ሁሉም እዚህ ይገባሉ። ከሁሉ የከፋው ኀፍረት ይመስለኛል። ሙከራውን ወንጀል አድርገው የሚቀጡ አገሮች አሁንም አሉ፤ ጋና ይህን ሕግ የሻረችው በ2023 ነው። ሞክሮ የተረፈ ሰው ከሐኪም ይልቅ ፖሊስን የሚፈራ ከሆነ ለማን ይናገር? ሆድ ይፍጀው ብሎ ይቀመጣል። እኛ ደግሞ «ለማስፈራራት ነው» እንላለን። ቀድሞ መሞከር ግን ከሚታወቁት የአደጋ ምልክቶች ከትልልቆቹ አንዱ ነው።

ታዲያ ምልክቶቹን ቆጥረን ማን እንደሚሞት ማወቅ እንችላለን? አንችልም። በ2017 የወጣ ግምገማ የ50 ዓመት ምርምር፣ 365 ጥናት አገላብጦ ነበር። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ ከዕድል ግምት ብዙም አይሻልም። ይህ ተስፋ ሊያስቆርጠን አይገባም። መገመቱን ትተን መጠየቅ አለብን ማለት ነው። በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን ሰው ጭንቅላት ውስጥ እንደማያስገባ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወዳጄ ተለወጠብኝ። ስልክ አያነሳም። የሚሳሳላቸውን መጻሕፍት ለሰው ማደል ጀመረ። ስጠይቀው «ደህና ነኝ፣ ድካም ነው» ይላል። አንድ ማታ መኪናው ውስጥ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ምላሴ እየተሳሰረ፣ «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» አልኩት። ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ነበር። አቆመ። ብዙ ቆየ። «እንዴት አወቅህ?» አለኝና አለቀሰ።

አልመከርኩትም። «ልጆችህን አስብ» አላልኩትም። ሰማሁት ብቻ። ያን ሌሊት ብቻውን አልተውኩትም። ራሱን ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤቱ አብረን አወጣን። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። መድኃኒቱም ንግግሩም ጊዜ ወስዷል። ግን ሠርቷል።

ይህን እያነበባችሁ እዚያው ጨለማ ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። አቅራቢያችሁ ወዳለ የጤና ተቋም ሂዱ። ሐሳቡ አሁን የማያልፍ ይመስላል። ያልፋል፤ ብዙዎች አልፈውታል።

ለእኛ ለቀሪዎቹ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጄሮም ሞቶ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም ከሆስፒታል ወጥተው ክትትሉን እምቢ ያሉ 843 ሰዎችን በሁለት ከፈለ። ለግማሾቹ ለአምስት ዓመት አጫጭር ደብዳቤ ተላከላቸው። ይዘቱ «ደህና እንደሆንክ ተስፋ እናደርጋለን፤ ልትጽፍልን ከፈለግህ ደስ ይለናል» ዓይነት ነው። ቀጠሮ የለው፣ ምክር የለው። ራሳቸውን ያጠፉት ደብዳቤ ከደረሳቸው መሀል አነሱ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት።

ይህን ካነበብኩ ወዲህ ለወዳጄ በየሳምንቱ አንድ ቃል እልክለታለሁ። «አለህ?» እለዋለሁ። አንዳንዴ ረጅም ወሬ ይጽፍልኛል። ሲደክመው ደግሞ «አለሁ» ብቻ ይላል።