የኤሮፖስታል ጀግኖችና ያ ሞተር

ስለ ፈረንሳዩ የፖስታ አየር መንገድ ስለ ኤሮፖስታል ሲወራ ሁሌም የሚነሱት ፓይለቶቹ ናቸው። ዣን ሜርሞዝ፣ አንሪ ጊዮሜ፣ ሴንት ኤግዙፔሪ። ይገባቸዋል። እኔን የሚከነክነኝ፣ እነዚህ ሰዎች ለምን ያን ያህል ጀግና መሆን እንዳስፈለጋቸው የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው።

ነገሩን የጀመረው ፒየር ላቴኮዌር ነው። በፈረንሳይዋ ከተማ ቱሉዝ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ይሠራ የነበረ ባለፋብሪካ። ጦርነቱ ሲያበቃ ፖስታ በአየር እስከ ደቡብ አሜሪካ ላድርስ አለ። በ1918 (እ.ኤ.አ.) የፈረንጆች ገና ዕለት ከቱሉዝ ባርሴሎና ተበረረ። በ1925 መስመሩ ሴኔጋል፣ ዳካር ደረሰ።

ጣጣው ወደ ዳካር በሚወስደው የሰሃራ በረሃ መንገድ ላይ ነው። የሚበሩት በብሬጌ 14 ነበር፤ ከጦርነቱ የተረፈ፣ ፓይለቱ ነፋስ እየገረፈው የሚቀመጥበት አውሮፕላን። ሞተሩ መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነው ይበራሉ። አንዱ አሸዋ ላይ ሲወርድ ሌላው አጠገቡ አርፎ ሰውየውንና የፖስታ ከረጢቱን ያነሳል። ካልተሳካ የበረሃው ጎሳዎች ይይዙትና ማስለቀቂያ ይጠየቅበታል። በ1926 ኤራብልና ፒንታዶ የተባሉት ተገደሉ፤ ቆስሎ የተያዘው ጉርፕም ከተለቀቀ በኋላ ሞተ። ኩባንያው ከዚያው አገር ሰው አስተርጓሚ እየቀጠረ አብሮ ያሳፍር ነበር። የነሱን ስም ግን ማን ያነሳል?

የሥራ ኃላፊው ዲዲዬ ዶራ ፖስታው በሰዓቱ ካልወጣ ምክንያት አይሰማም። ብዙዎች ያደንቁለታል። እኔ ብዙም አልተዋጠልኝም። በ1928 መስመሩ ቦነስ አይረስ ሲደርስ፣ ከዳካር እስከ ብራዚል ያለውን ውቅያኖስ ፖስታው የሚሻገረው በመርከብ ነበር። ፓይለቶቹ በጨለማ እየበረሩ፣ ነፍሳቸውን አስይዘው ያተረፉትን ሰዓት መርከቡ ቀናት እየፈጀ ይበላዋል። ሜርሞዝ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ፖስታ ይዞ ውቅያኖሱን በአየር የተሻገረው በግንቦት 1930 ነው።

በቀጣዩ ወር ጊዮሜ አንዲስ ተራራ ላይ ወደቀ። በክረምት፣ በበረዶ ውስጥ ለቀናት በእግሩ ተጉዞ ተረፈ። በ1931 ደግሞ ኩባንያው ራሱ ወደቀ፤ የመንግሥት ድጎማ ሲቋረጥ መቆም አልቻለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤር ፍራንስ ወረሰው።

ሜርሞዝ ታኅሣሥ 1936 ከዳካር ተነሳ፣ በብልሽት ተመለሰ፣ ተጠግኖለት እንደገና ወጣ። በሬዲዮ የመጨረሻ መልእክቱ የኋላውን ቀኝ ሞተር እያጠፉ መሆኑን የሚገልጽ ነበር። ከአራት ባልደረቦቹ ጋር እዚያው ውቅያኖስ ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላም የተወራው ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ወኔው ነው።