ኢሳይያስ 17 ቁጥር 3ም አለው

አክስቴ በቴሌግራም ቪዲዮ ስትልክልኝ ብዙ ጊዜ ሳልከፍተው «አሜን» ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው እሑድ የላከችውን ግን ከፈትኩት፤ ከሥሩ ጥያቄ ጽፋበታለች። «ልጄ፣ የደማስቆ ሰዎች አሁን ወዴት ሊሄዱ ነው?» ይላል።

ቪዲዮው 40 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ ሰባኪ ከጀርባው የሚነድ ከተማ ምስል ለጥፎ ይናገራል። ስሙን አልጠራም፤ ከየትኛው ቤተ እምነት እንደሆነም አልናገርም። ይሄ በሽታ ቤት አይመርጥም። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኢሳይያስ 17 ደማስቆ ከተማነቷ ቀርቶ የፍርስራሽ ክምር ትሆናለች ይላል። ደማስቆ ደግሞ ከተቆረቆረች ጀምሮ ፈርሳ አታውቅም። ስለዚህ ትንቢቱ ገና ነው፤ የሚፈጸመውም በእኛ ዘመን፣ ምናልባትም ዓመቱ ሳያልቅ ነው።

ከዚያ ሦስት ምልክቶች ቆጠረ። አንደኛው የሶርያው ፕሬዚዳንት በሽር አል አሳድ ወደ ሩሲያ የሸሸበት ሌሊት፣ ኅዳር 29 ቀን 2017። ሁለተኛው በዚያው ዓመት ሰኔ 15 ቀን ደማስቆ ውስጥ በማር ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን የፈነዳው ቦምብ። ሦስተኛው እስራኤል የሶርያን መከላከያ ሚኒስቴር የደበደበችበት ሐምሌ 9። «የቀረው አንድ ብቻ ነው» ብሎ ጣቱን ወደ ካሜራው ቀሰረ። ከሥር የልብና የእሳት ምስል ይዘንባል። ሰብስክራይብ ማድረግም አትርሱ አለ።

ሁለተኛው ምልክት ላይ እመለስበታለሁ። በንዴት እንዳልጀምር ብዬ ነው።

መጀመሪያ «ፈርሳ አታውቅም» የምትለዋን እንያት፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እሷ ላይ ነው። ማን ነገረው? እ.ኤ.አ. በ1401 የመካከለኛው እስያው ድል አድራጊ ተይሙር ላንክ ከተማዋን ዘርፎ አቃጠላት። ታላቁ የኡመያድ መስጊድ ሳይቀር ነደደ። የእጅ ባለሙያዎቿን ለቃቅሞ ሳማርካንድ ወሰዳቸው። በጥቅምት 1918 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዮች አመፅ እናበርዳለን ብለው ደበደቧት። ያኔ የጋየው ሰፈር እስከ ዛሬ «አል ሐሪቃ» ይባላል፤ ቃጠሎው ማለት ነው። ካርታ ከፍቶ ስሙን ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 40 ደቂቃ ለማውራት ጊዜ ያለው ሰው ይህችን አንድ ደቂቃ አጣ።

ለነገሩ ተይሙርም ፈረንሳይም አያስፈልጉኝም። መጽሐፉ ራሱ ይበቃኛል። ሰባኪው ቁጥር 1ን ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ አነበበ። ከዚያ ዘሎ ቁጥር 14 ላይ አረፈ። መሃል ላይ ያለውን ቁጥር 3 ለምን እንደዘለለው ያነበበው ሰው ይገባዋል። ምሽግ ከኤፍሬም፣ መንግሥትም ከደማስቆ ይቀራል ይላል። ኤፍሬም የሚለው ሰማርያን ዋና ከተማው ያደረገውን የሰሜኑን የእስራኤል መንግሥት ነው። አሦራውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ አፍርሰውታል። ዛሬ የኤፍሬም ምሽግ የት ነው ያለው? ነቢዩ በአንድ አፍ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱ አብረው ይወድቃሉ እያለ፣ አንዱ ድሮ አልቆለታል ብለን ሌላውን ለዩቲዩብ እናቆየው?

ሁለቱ ለምን አብረው እንደተጠሩም አይደበቅም። ምዕራፍ 7ን መክፈት ነው። የደማስቆው ንጉሥ ረአሶንና የእስራኤሉ ፋቁሔ ተባብረው ኢየሩሳሌምን ሊወጉ መጡ። የይሁዳው አካዝ ልቡ ራደ። ኢሳይያስ አትፍራ አለው። ምዕራፍ 8 ላይ ቀነ ገደቡንም ሰጠ፦ ለነቢዩ የተወለደው ሕፃን «አባቴ፣ እናቴ» ማለት ሳይችል የደማስቆ ሀብትና የሰማርያ ምርኮ ወደ አሦር ይጋዛል። እስቲ ልጅ ያሳደገ ሰው ይመስክር። ሕፃን አፍ ለመፍታት 2,700 ዓመት ይፈጅበታል?

ሆነም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ732 የአሦሩ ቴልጌልቴልፌልሶር ደማስቆን ያዘ። 2ኛ ነገሥት 16 ቁጥር 9 ሕዝቧን ወደ ቂር ማረከ፣ ረአሶንንም ገደለ ይላል። ቂር የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። አሞጽ ቀደም ብሎ በምዕራፍ 1 የሶርያ ሕዝብ ወደ ቂር ይማረካል ብሎ ነበር። ሄዱ፣ ያውም ወደ ቂር። መጽሐፉ ራሱ ፋይሉን ዘግቶ ማኅተም መትቶበታል። የአሦሩ ንጉሥ ደግሞ ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ታሪኩ በደማስቆ 16 አውራጃዎች ያሉ 591 ከተሞችን የጥፋት ውኃ እንዳለፈበት ፍርስራሽ አደረግኋቸው ብሎ ይፎክራል። የንጉሥ ፉከራ ስለሆነ ቁጥሩ ላይ ትንሽ ጨው ነስንሶ ይሆናል። ፍርስራሽ የሚለው ግን የማን ቃል ነው? የኢሳይያስ አይደለም?

አሁን ደግሞ ለኔ ከሁሉም የምትጥመኝ ቁጥር መጣች። 16 ቁጥር 10። ደማስቆ ከተያዘች በኋላ አካዝ የአሦሩን ንጉሥ ሊገናኝ እዚያው ደማስቆ ሄደ። መሠዊያ አይቶ ወደደ። ንድፉን ለካህኑ ለኦርያ ላከና ኢየሩሳሌም ላይ አስገለበጠው። ልብ በሉ፤ ንጉሥ የሚገናኝባት፣ መሠዊያዋ የቆመ ከተማ ናት። «ታዲያ አልፈረሰችማ!» የሚል አይጠፋም። እኔም የምለው ይሄንኑ ነው። ቁጥር 9ን የጻፈው ሰው ቁጥር 10ን ሲጽፍ ምንም አልጨነቀውም። መንግሥቷ ወደቀ፣ ንጉሧ ተገደለ፣ ሕዝቧ ተጋዘ፤ ለሱ ትንቢቱ ማለት ይሄ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 27 ደማስቆን ከጢሮስ ጋር የኬልቦን ወይን ጠጅና ነጭ የበግ ጠጉር ስትነግድ ያሳየናል። ሕዝቅኤል ኢሳይያስን አላነበበም ልንል ነው? ወይስ ገበያ የቆመባት ከተማ አይቶ «የትንቢቱ ሰዓት ገና ነው» ብሎ መቁጠር ሲገባው ረሳው?

ሚክያስም ኢየሩሳሌም የድንጋይ ክምር ትሆናለች ብሏል፤ ምዕራፍ 3 ቁጥር 12። ፈረሰች፣ ተሠራች፣ እንደገና ፈረሰች፣ ይኸው ዛሬ ሰው ይኖርባታል። ኢየሩሳሌም ዛሬ መቆሟ የሚክያስን ቃል ካላጠፈው፣ የደማስቆ መቆም የኢሳይያስን ቃል የሚያጥፈው በምን ሒሳብ ነው? ነቢይ ስለ ከተማ ጥፋት ሲናገር እንደ ማዘጋጃ ቤት የፈረሳ ሪፖርት አይደለም የሚናገረው።

እዚህ ጋ ሲደርሱ የሚያወጧት ካርድ አለች። «ድርብ ፍጻሜ» ትባላለች። አንዴ ተፈጽሟል፣ ግን እንደገና ይፈጸማል ማለት ነው። ጥሩ። ግን ሰባኪው መጀመሪያ «ፈጽሞ አልተፈጸመም» ብሎ ነበር እኮ! የቱን እንያዝለት? አንዱ ሲነቀል ሌላው የሚተከል ከሆነ እሱ ትርጓሜ ሳይሆን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ቁጥር 14ን አምናለሁ፣ አሪፍ አድርጎ ገጥሟታል። በማታ ድንጋጤ አለ፣ ሳይነጋም የሉም ትላለች። አሳድ የሸሸው ደግሞ በእርግጥ ሌሊት ነው። ከ50 ዓመት በላይ የቆየ የአባትና የልጅ አገዛዝ ሲነጋ አልነበረም። ሰባኪው እዚህ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ «ሃሌ ሉያ» ሲል እኔም ትንሽ ደንገጥ ብያለሁ። ግን ቁጥሩን እስከ መጨረሻው አንብቡት፦ የሚዘርፉን፣ የሚበዘብዙን ሰዎች ዕጣ ይህ ነው ይላል። «እኛ» የሚለው ይሁዳ ነው። ሳይነጋ የሚጠፉትም ከቁጥር 12 ጀምሮ እንደ ባሕር የሚጮኹት ብዙ አሕዛብ ናቸው እንጂ ደማስቆ አይደለችም። ደግሞስ አሳድ ሲሸሽ ከተማዋ ፈረሰች? ያለ ከባድ ውጊያ ነው የገቡባት። በማግስቱ ሰዉ አደባባይ ወጥቶ ሲጨፍር ሁላችንም አይተናል። ትፈርሳለች የተባለችው ከተማ ስትጨፍር የዋለችበትን ቀን የፍርስራሽ ምልክት ማድረግ ድፍረት ይጠይቃል።

ወሬውም አዲስ አይደለም። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. በደማስቆ ዳርቻ ባለችው ጉታ ላይ የኬሚካል ጥቃት ደርሶ አሜሪካ ልትመታ ነው ሲባል ፈረንጆቹ ይህንኑ ምዕራፍ ይዘው ጮኸው ነበር። አሜሪካም አልመታች፣ ዓለምም አላለፈች። ይቅርታ የጠየቀ አላየሁም። የኛዎቹ ደግሞ የእነሱን ቪዲዮ ወደ አማርኛ እየመለሱ «ጌታ ተናገረኝ» ይሉናል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች።

አሁን ወደ ሁለተኛው ምልክት። ሰኔ 15 እሑድ ነበር። ሰዎች በማር ኤልያስ ቅዳሴ ላይ ቆመው ነበር። አንድ ሰው ገብቶ ተኮሰ፣ ከዚያ ራሱን አፈነዳ። 25 ሰው ሞተ። ማር ኤልያስ ማለት ቅዱስ ኤልያስ ነው። ሰባኪው ይህን ሲናገር ድምፁ አልተሰበረም። ነፍስ ይማር አላለም። ጣቱን አጥፎ «ሁለት» ብሎ ቆጠረ፣ በቃ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሞቱ ክርስቲያኖችን የሰዓት መቁጠሪያ ያደረገ ሰው ነው እንግዲህ ስለ ጌታ መምጣት የሚያስተምረን። ጌታ ይመጣል፤ ጸሎተ ሃይማኖት የሚደግም ሁሉ ይህን ያምናል፣ እኔም አምናለሁ። የሚመጣው ግን የሶርያ እናቶች ስላለቀሱ ደስ ብሎት ነው ያለው ማን ነው?

የሚያናድደኝ ደግሞ ደማስቆ በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ያላት ቦታ በዚህች አንዲት ምዕራፍ መዋጡ ነው። የአብርሃም የቤቱ መጋቢ ኤልዔዘር የደማስቆ ሰው ነው። ንዕማን ከዮርዳኖስ የደማስቆ ወንዞች አባናና ፋርፋ ይሻሉኛል ብሎ የኮራው በአገሩ ውኃ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሳውል አለ። ሊያስር ሄዶ ታወረና እየተመራ ገባ። «ቅን» በሚባለው መንገድ በይሁዳ ቤት ሦስት ቀን ሳይበላ ሳይጠጣ ቆየ። ሐናንያ ፈራ ተባ እያለ መጥቶ እጁን ጫነበት። የተጠመቀውም እዚያ ነው። በኋላ በቅጥሯ መስኮት በቅርጫት አውርደው አስመለጡት። «ቅን» የተባለው መንገድ ዛሬም አለ፤ ሱቅ ተደርድሮበት ሰው ይሸምትበታል። በአዲስ ኪዳን ደማስቆ ዓይነ ስውር ገብቶ እያየ የሚወጣባት ከተማ ናት። ይህን ለመስበክ 40 ደቂቃ አይበቃም ነበር። ግን ከጀርባ የሚለጠፍ እሳት የለውም።

የኡመያድ መስጊድ የቆመበት ቦታ መጀመሪያ የሶርያውያኑ ጣዖት የሐዳድ፣ ቀጥሎ የሮማውያኑ የጁፒተር ቤተ መቅደስ ነበር። ከዚያ የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። መስጊድ የሆነው በ8ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ነው። በደቡቡ ግድግዳ ላይ አንድ የግሪክ ጽሑፍ አለ። ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰደ ነው፦ ክርስቶስ ሆይ፣ መንግሥትህ የዘላለም መንግሥት ናት። በዚያ ሁሉ ዘመን ሙስሊሞቹ አልፋቁትም። እነሱም ዒሳ፣ ማለትም ኢየሱስ፣ በመጨረሻው ዘመን በደማስቆ ምሥራቅ በነጩ ሚናራ ዘንድ ይወርዳል ይላሉ። የእነሱ ደማስቆ ጌታ የሚወርድባት ናት፣ የኛ ሰባኪ ደማስቆ ግን የምትጋይ። እስቲ ይታያችሁ።

ማታ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ቁጥር 3ን አነበብኩላት፤ «እሱማ ሌላ ነው» አለችኝ። ስለ ቂር ነገርኳት፣ ዝም አለች። ሰባኪው ትልቅ ሰው ነው፣ እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ ማንን እንደምታምን አውቃለሁ። በመጨረሻ «ጼዴንያን ታውቂያለሽ አይደል?» አልኳት።

«መስከረም 10 የማከብራት?» አለች፣ ተቆጥታ። ታቦቷን ካልሳመች ዓመቱ የማይጀምርላት ሴት ናት። ማርታ የምትባለዋን ደግ ሴት፣ የእመቤታችንን ሥዕል ከኢየሩሳሌም ያመጣላትን መነኩሴ፣ ከሥዕሏ የሚንጠፈጠፈውን ቅባት በቃሏ ትነግራችኋለች።

«የት ያለች ይመስልሻል?»

«ኢየሩሳሌም ናታ።»

«ሶርያ ናት» አልኳት። ከደማስቆ በስተሰሜን፣ በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ሰይድናያ ይሏታል። አሳድ ሲሸሽ እስረኞች ሲለቀቁበት በቴሌቪዥን ያየነው ያ የማሰቃያ እስር ቤት ራሱ ስሙን የወሰደው ከእሷ ነው። ገዳሟ ዛሬም ቆሟል፣ መነኮሳይያት አሉበት።

ስልኩ ውስጥ የራዲዮ ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ «ይሄ ሰውዬ ጼዴንያንም ጨምሮ ነው እንዴ?» አለችኝ።

እኔንጃ አልኳት። ቪዲዮው ሥር ጻፊለት።