ተራራው እንደሆነ ቆሞ ይታያል

ባለፈው ሳምንት ድሬዳዋ ላይ ስለ አስጎብኚዎች ፈቃድ በተካሄደ ስብሰባ ተገኝቼ ነበር። ከእንግዲህ የቱሪዝም ዲፕሎማ የሌለው፣ የእንግሊዝኛውን የጽሑፍ ፈተና ያላለፈ ሰው እንግዳ ይዞ እንዳይንቀሳቀስ መወሰኑ ተነገረን። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት እጁን አወጣ። «እኛ ከተማ ውስጥ አይደለም የምንሠራው፤ እንግዳ ይዘን ተራራ ነው የምንወጣው። የእኛስ ነገር?» አለ። መድረኩ ላይ የተቀመጡት ኃላፊ ፈገግ ብለው መለሱለት፦ «ለተራራ ደግሞ ምን አስጎብኚ ያስፈልጋል? ተራራው እንደሆነ ቆሞ ይታያል።»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አልዋሽም፣ ለአፍታ ከንፈሬ ተላቋል። የተናደድኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ክቡር ኃላፊ፣ ሳያውቁት አንድ እውነት ተናግረዋል። የሐረርጌው ጋራ ሙለታ ስሙ በኦሮምኛ «የሚታይ ተራራ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች መታየቱን ከእርስዎ በብዙ ዘመን ቀድመው አይተዋል። እነሱ ግን አይተው አልተቀመጡም። ምንጩ የት እንደሆነ፣ ጉሙ በስንት ሰዓት እንደሚወርድ፣ የቱ አቀበት ከዝናብ በኋላ እንደማይረገጥ ለልጆቻቸው ነገሩ። ከ3,300 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ በመኪና መስኮት ሲያዩት ደስ ይላል። ከሰዓት በኋላ ጉም ውስጥ ገብቶ የራስን እግር ሳያዩ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቆሞ በመታየትማ የሐረር ጀጎልም ቆሞ ይታያል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት ግንብ ወዴት ይሸሻል? በጀጎል ጠባብ መንገዶች የጠፋ እንግዳ ቢበዛ ሕፃናት «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» እያሉ ይከተሉታል፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከአንዱ በር ይወጣል። ገደል የለበትም፣ ጎርፍ የለበትም። ታዲያ ሰው ለማይጠፋበት ቦታ ዲፕሎማ ያለው አስጎብኚ ግዴታ ሆኖ፣ ሰው ወድቆ ለሚቀርበት ቦታ «ቆሞ ይታያል» ተባለ። ስሜን ተራሮች ፓርክ የሚገባ ሰው ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ ስካውት የሚባለውን የፓርክ ጠባቂ ይዞ ነው የሚወጣው። እዚያም ተራሮቹ ቆመው ይታያሉ። ራስ ዳሸን ተቀምጦ አያውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት ሁለት ፈረንሳውያን ይዤ ከሐረር ወደ ቁንዱዶ ተራራ ሄድኩ። እኔ የሐረር ልጅ ነኝ፤ ጀጎልን ዓይኔን ጨፍኜ አዞርዎታለሁ፤ ቁንዱዶ ላይ ግን እኔም እንግዳ ነኝ። ስለዚህ ፉኛን ቢራ ከተማ ላይ አንድ የአካባቢውን ልጅ ያዝን። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሱቅ ገብቶ ግማሽ ኪሎ ስኳር መግዛትና በሁለት ላስቲክ አካፍሎ ማስቋጠር ነበር። «ሻይ ልታፈላልን ነው?» ብዬ ሳቅኩበት። አንደኛው ፈረንሳዊ ስልኩ ላይ ካርታ አውርዶ ስለነበር «በዚህ ያጥራል» እያለ ይነዘንዘን ጀመር። ልጁ አልተከራከረውም። ይዞት ሄደና አፋፉን አሳይቶት ተመለሰ። በእርግጥም ያጥራል፤ እስከ ገደሉ ድረስ። ከዚያ በኋላ ስልኩ ከኪስ አልወጣም።

አቀበቱን እንዳጋመስን ሦስት ውሾች እየጮሁ መጡብን፤ ተከትለው አንዲት እናት ከደጃቸው ብቅ አሉ። ልጁ ሰላምታውን አላስቸኮለም። የከብቱን ጤና፣ የዝናቡን ነገር፣ የከረመባቸውን ጉንፋን በኦሮምኛ ጠይቆ ሲያበቃ አንዱን የስኳር ቋጠሮ አቀበላቸው። ውሾቹ ታሰሩ፤ እኛም በማሳቸው ዳር አለፍን። ሁለተኛው ቋጠሮ በሌላ በኩል ለምንወርድበት ቤት ነበር።

የቁንዱዶ አናት እንደ ጠረጴዛ የተዘረጋ ሣር ነው። የመጣነው የዱር ፈረሶቹን ልናይ ነው፤ ፈረስ ግን የለም። ልጁ ሣር ነጭቶ ወደ ላይ በተነ፤ ነፋሱ ወደየት እንደሚወስደው አየና ወደ አንድ ጉብታ ወሰደን። «እዚህ ቁጭ በሉ። እንዳትነሱ» አለን። አርባ ደቂቃ ያህል ብርድ እየቀጠቀጠን ተቀመጥን። መጀመሪያ ጆሮ ታየ፣ ከዚያ ጋማ፣ ከዚያ አንዲት ውርንጭላዋን ያስከተለች ባዝራ። ካርታ ያወረደው ፈረንሳዊ ፎቶ ማንሳቱን ረሳው።

ይህ በየትኛው ዲፕሎማ ይሰጣል? ስኳሩስ ስንተኛው ምዕራፍ ላይ ነው?

ድሬዎችን ደግሞ ስለ ጎርፍ ማስተማር አይገባኝም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ ውሃው የመጣው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የእግር መንገዱ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ የአሸዋ ወንዝ ነው። የለገ ኦዳን የዋሻ ሥዕሎች ላሳይ ብሎ እንግዳ ይዞ የሚወጣ ልጅ ከራሱ በላይ ያለውን ሰማይ አያይም፤ የሚያየው በደጋው በኩል የጠቆረውን ነው። ጠቁሮ ካየ ይመለሳል፤ እንግዳው ቢቆጣ ይቆጣ። ፈተናው ላይ ይህ ጥያቄ አለ? ያዩትን ጠይቄያለሁ፤ የለም። «ቱሪዝም ምንድን ነው?» የሚል ግን አለ።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ከሐረር ተነስቶ የባቢሌን ዝሆኖች የሚያሳይ ልጅ ቤቱ በሐረሪ፣ ገጠሩን በኦሮምኛ፣ ባቢሌን ሲያልፍ በሶማሊኛ፣ ቢሮ ሲመላለስ በአማርኛ ይግባባል፤ ከእንግዳው ጋር ደግሞ በተሰባበረች እንግሊዝኛ። በአምስት ቋንቋ ሥራውን የሚሠራ ሰው በአምስተኛው ሰዋስው ወደቀ ተብሎ «አላዋቂ» ይባላል። ድሬዳዋ አጠገብ ያለውን ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ1929 ሁለት ፈረንሳውያን «አገኙት» ተብሎ ተጽፏል። ያን አቀበት ብቻቸውን ወጡት ብዬ ግን በፍጹም አላምንም። አንድ የሰፈር ልጅ ከፊት ከፊታቸው ሄዷል፤ ስሙን የጻፈው የለም። የዛሬው ውሳኔ ያንኑ ልጅ ለሁለተኛ ጊዜ መሰረዝ ነው።

ልጆቹ ሥራ ያጡት ወረቀት ስለሌላቸው ነው የሚለውንም ተዉኝ። ጉብኝቱ የሚሸጠው አዲስ አበባ ነው። እንግዳው በአውሮፕላን ድሬዳዋ ይወርዳል፣ ሐረር አንድ ሌሊት ያድራል፣ ጠዋት ጀጎል፣ ማታ ጅብ፣ በነጋታው ወደ መጣበት። ተራራ ፕሮግራሙ ውስጥ የለም፤ ከባቢሌ ወዲያ ያለው የተአምራቱ ሸለቆም በመኪና መስኮት ነው የሚታየው። ዲፕሎማ የያዙትም ልጆች እኮ ሐረር ፈረስ መጋላ አደባባይ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል! ማንም እንግዳ አይሰጣቸውም። የማስጎብኘት ፈቃዱን ማጥበቅ የሚጠቅመው ከአዲስ አበባ አብሮ ለሚመጣው አስጎብኚ ብቻ ነው። እሱ ወረቀቱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ይመጣና ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት ሲወጣ «ያ ተራራ ማን ይባላል?» ብሎ ሾፌሩን ይጠይቃል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ልስጣቸው፦ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና ያስፈልጋል። እግሩ የተሰበረን ሰው ማውረድ በልማድ ብቻ አይሆንም። ይህ ግን የአንድ ሳምንት ሥልጠና ነው፤ አሠልጥኑና ደብተር ስጧቸው። የዓመታት ዲፕሎማ ምን አመጣው?

ባለፈው ወር ያ ካርታ ያወረደው ፈረንሳዊ ጻፈልኝ። ከእህቱ ጋር ሊመጣ ነው፤ ቁንዱዶን እንደገና ይፈልጋል፤ «ያው ልጅ ካልሆነ ግን አልወጣም» ይላል። ከስብሰባው መልስ ለልጁ ደወልኩለት። አሁን ድሬ ባጃጅ ይዟል። የመንጃ ፈቃድ አለው፤ ይህችኛዋ ወረቀት እንኳ ተሟልታለታለች። የሞተሩ ድምፅ እየዋጠው «ጋሼ፣ ወደ ከዚራ ተሳፋሪ ይዣለሁ፤ ማታ ይደውሉልኝ» አለኝ። የፈረንሳዊውን ነገር ገና አልነገርኩትም።