«ሕዝቡ ገና አልደረሰም» ለሚለው

«ሕዝባችን ገና ስላልነቃ ነው የመንግሥት አገልግሎት በኦንላይን የማይሠራው» ብለሃል። ብዙ ሰው ይህን ይላል፤ ግን ልክ አይደለም።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ላይ ሲጀመርም ብዙዎች እንዲሁ ብለው ነበር። ሚያዝያ 2015 ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል ብቻ ሲሆን፣ የታክሲ ሹፌሩ ማደያ ላይ ቆሞ በስልኩ መክፈል ለመደ። ስማርት ስልክም የግድ አይደለም። ጎረቤታችን እማማ መነጽራቸውን አድርገው፣ በዚያች ባለ ቁልፍ ስልካቸው *127# ይነካሉ። ልጃቸው የላከችላቸውን ብር ራሳቸው ያያሉ። ኬንያ ውስጥም ኤም-ፔሳ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀምር የገጠሩ ሰው የተጠቀመው በተራ ስልክ ነው።

በእርግጥ ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ማንበብ የማይችል ሰውም ብዙ ነው። ይህ እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ግን ያልተዘጋጀው ከመስኮቱ ወዲያ ያለው ነው። በቅርቡ ለአንድ ቢሮ ፎርም በኦንላይን ሞላሁ። ስሄድ «ፕሪንት አድርገህ፣ ኮፒውንም ይዘህ ና» ተባልኩ። ከፊቴ የተሰለፉት ሰዎች በሙሉ ያንኑ ወረቀት ይዘው ነበር። ሁሉም ቤታቸው ሆነው በስልካቸው ሞልተው የመጡ ናቸው።